ክሊክጃኪንግ ምንድን ነው? ሊንክ ነክቶ የተጠለፈ ሁሉ ክሊክጃኪንግ አልደረሰበትም

አንድ ሰው በቴሌግራም «ለእህቴ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ይላክለታል። ከፍቶ ስልክ ቁጥሩንና የመጣለትን ኮድ ያስገባል፤ አካውንቱን ይነጠቃል። ከዚያ አንድ አዋቂ ይመጣና «ይሄ ክሊክጃኪንግ ነው፤ ፓስወርድ ቀይሩ፣ ከመንካታችሁ በፊት አድራሻውን እዩ» ብሎ ይመክራል። አይደለም። ያ ተራ ፊሺንግ ነው፤ ሐሰተኛ ገጽ ተሠርቶ ባለቤቱ ምስጢሩን በገዛ እጁ አስረክቧል። በክሊክጃኪንግ የሚሰረቅ ፓስወርድም ሆነ ኮድ የለም። የምትነኩት ቁልፍ የእውነተኛው ድረ ገጽ እውነተኛ ቁልፍ ነው፤ ጣጣውም እሱ ነው።

አጥቂው «ቪዲዮውን አጫውት» የሚል ቁልፍ ያለበት ገጽ ያዘጋጃል። ቀድማችሁ ሎግኢን ያደረጋችሁበትን ድረ ገጽ፣ ለምሳሌ አካውንት የሚሰረዝበትን ገጽ፣ በአይፍሬም (በአንድ ገጽ ውስጥ ሌላ ገጽ በሚከፍት ሳጥን) አምጥቶ ከላይ ያነጥፈዋል። ዜድ-ኢንዴክሱን ከፍ አድርጎ ከሁሉ በላይ ያስቀምጠዋል፣ ኦፓሲቲውን ዜሮ አድርጎ እንዳይታይ ያደርገዋል። «አረጋግጥ» የሚለው ቁልፍ ልክ በ«አጫውት» ላይ እንዲያርፍ ቦታውን በፒክስል ይለካል። ዓይናችሁ የታችኛውን ያያል፣ ጣታችሁ የላይኛውን ይነካል።

ለስብሰባ መገኘታችሁን ፈርሙ ተብሎ በተሰጣችሁ ወረቀት ሥር ካርቦንና የቤት ሽያጭ ውል ተነባብሮ እንደማለት ነው። ፊርማው የእናንተው ስለሆነ መርማሪ ቢያየው ሐሰተኛ አይለውም። በማግስቱ ፊርማ ብትቀይሩ ውሉ አይፈርስም፤ «ፓስወርድ ቀይሩ» የሚለው ምክር ዋጋ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ውሉ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ቢኖርበትም አያድናችሁም፤ ማኅተሙም እውነተኛ ነውና። ይህቺ የመጨረሻዋ «እኛ የሲኤስአርኤፍ ቶክን (ጥያቄው ከራሳችን ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጥ ምስጢራዊ ቁጥር) አለን» ለሚሉ ፕሮግራመሮች ናት፦ በፍሬሙ ውስጥ የተከፈተው ገጽ ከነቶክኑ ነው የሚከፈተው። ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው ኤችቲቲፒኤስም አያግደውም። እርግጥ ምሳሌው አንድ ቦታ ይሰበራል፤ እዚህ ውሉ ያለው ከሥር ሳይሆን ከላይ ነው።

«አድራሻውን እዩ» የሚለውስ? የአድራሻ መስመሩ የሚያሳየው የውጪውን ገጽ ብቻ ነው፤ ፍሬሙ ውስጥ ያለው አድራሻ እዚያ አይወጣም። ማውሱን ቁልፉ ላይ ብታሳርፉም የፎርም ቁልፍ የት እንደሚልክ አይናገርም፤ በስልክ ደግሞ ከነጭራሹ ማሳረፍ የሚባል ነገር የለም።

ስያሜውን በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሮበርት ሃንሰንና ጄሬማያ ግሮስማን ናቸው። ያኔ ብራውዘር ላይ ቪዲዮና ጨዋታ ያጫውት የነበረውን የፍላሽን የፈቃድ መስኮት በዚህ ዘዴ አስነክቶ ካሜራና ማይክሮፎን ማስከፈት ይቻል ነበር። ማይክሮሶፍት በ2009 በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 ኤክስ-ፍሬም-ኦፕሽንስ የተባለውን ሄደር አመጣ፦ «ይህን ገጽ በፍሬም አትክፈተው» ብሎ ሰርቨሩ ለብራውዘሩ የሚልከው ትእዛዝ ነው። ዛሬ ዋናው መከላከያ ኮንቴንት-ሴኩሪቲ-ፖሊሲ በተባለው ሌላ ሄደር ውስጥ ያለው፣ ገጹን ማን በፍሬም መክፈት እንደሚችል የሚወስነው ፍሬም-አንሴስተርስ ነው፤ ሁለቱም ከተላኩ ብራውዘሩ የሚታዘዘው ለእሱ ነው። ስለዚህ ሥራው በዋነኛነት የድረ ገጹ ባለቤት እንጂ የተጠቃሚው አይደለም። «ሰው ካልተጠነቀቀ ምን እናድርግ» የሚሉ ባለድረ ገጾች ይህን አንድ መስመር አልጻፉም ማለት ነው።

የጻፉትም ይስቱታል። ፍሬም-አንሴስተርስ በኤችቲኤምኤሉ ሜታ ታግ ውስጥ ቢጻፍ ብራውዘሩ ይንቀዋል፤ ከሰርቨር በሄደር መላክ አለበት። «የራሴ ድረ ገጽ ብቻ» ማለት የሆነው 'self' (ሴልፍ) የሚለው ዋጋ ነጠላ ጥቅሱ ከተረሳ፣ ብራውዘሩ ሴልፍ የሚባል ሰርቨር ያላችሁ ይመስለዋል። ኤንጂንኤክስ በተባለው የሰርቨር ሶፍትዌር ላይ ደግሞ በሎኬሽን ብሎኩ (ለአንድ የአድራሻ ክፍል በሚጻፈው ሴቲንግ) ውስጥ ሌላ አድ-ሄደር (ሄደር የሚጨምር ትእዛዝ) ካለ፣ በላይኛው ብሎክ የጻፋችሁት እዚያ አይወረስም፤ ኦልዌይስ የሚለውን ቃል ካልጨመራችሁም በ404 እና በ500 የስሕተት ምላሾች ላይ አይወጣም። በጃቫስክሪፕት «ፍሬም ውስጥ ከሆንኩ እወጣለሁ» የሚለውን የድሮ ኮድ ተዉት፤ አጥቂው አይፍሬሙ ላይ ሳንድቦክስ የተባለውን፣ በውስጡ ያለው ገጽ የሚያደርገውን የሚገድብ ባሕርይ ጨምሮ ያስረዋል። ለመፈተሽ አምስት ደቂቃ ይበቃል፦ ሎግኢን አድርጋችሁ፣ ገጻችሁን በአይፍሬም የሚጠራ ፋይል ከሌላ ዶሜይን ክፈቱ። ገጹ ከነአካውንታችሁ ከታየ መከላከያ የላችሁም። ባዶ ፍሬም ወይም «መገናኘት አልፈቀደም» የሚል ከመጣ ሄደሩ ሠርቷል። ሎግኢን ያልተደረገበት ገጽ ከታየ ግን ያዳናችሁ ሄደሩ ሳይሆን ሎግኢን ማድረጋችሁን የሚያስታውሰው ኩኪ ነው፤ ክሮም ከ2020 ጀምሮ ሴምሳይት (ኩኪው ከሌሎች ድረ ገጾች ሲጠራ ይላክ ወይስ አይላክ የሚወስን ሴቲንግ) ያልተጻፈበትን ኩኪ እንደ ላክስ ስለሚቆጥረው ወደ ባዕድ ፍሬም አይልከውም። አንድ ሰው ለክፍያ ወይም ለቻት ብሎ የኩኪውን ሴምሳይት «ነን» (None) ወደሚለው፣ ገደብ ወደሌለው ዋጋ የቀየረ ዕለት ያ ጥላ ይነሳል።

ሄደሩ የማይዘው አዲስ ዓይነትም አለ። በ2024 መጨረሻ የደኅንነት ተመራማሪው ጳውሎስ ይበሎ ይፋ ያደረገው ደብል-ክሊክጃኪንግ አይፍሬም ጭራሽ አይጠቀምም። አዲስ መስኮት ይከፈትና «ሰው መሆንዎን ለማረጋገጥ ሁለቴ ይጫኑ» ይላል። እናንተ ስታነቡ ከኋላው ያለው መስኮት ወደ እውነተኛ የፈቃድ መስጫ ገጽ ይሄዳል። በመጀመሪያው ጭነት የፊተኛው መስኮት ይዘጋል፤ ሁለተኛው «ፍቀድ» ላይ ያርፋል። ገጹ በራሱ መስኮት ስለተከፈተ ፍሬም-አንሴስተርስም ላክስ ኩኪም አያግዱትም። ባለድረ ገጽ ከሆናችሁ፣ ማውስ እስኪንቀሳቀስ ወይም የኪቦርድ ቁልፍ እስኪነካ ድረስ «ፍቀድ» የሚለው ቁልፍ ሥራ ፈትቶ እንዲቆይ አድርጉት።

ለተጠቃሚ የሚቀረው ጥቂት ነው። ድረ ገጽ ላይ ሁለቴ ጫኑ የሚል ማረጋገጫ ካያችሁ ዝጉት። ባንካችሁንና ዋና ኢሜይላችሁን ለብቻው በሆነ የብራውዘር ፕሮፋይል ክፈቱ፤ አጥቂው ገጽ በሌላኛው ፕሮፋይል ከተከፈተ ሎግኢን ያደረገ አካውንት አያገኝም። ተነክቶብኛል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በአካውንታችሁ ሴቲንግ ውስጥ ፈቃድ የተሰጣቸውን አፖች ዝርዝር ከፍታችሁ የማታውቁትን ሰርዙ፣ የኢሜይል ማስተላለፊያ አድራሻ ተጨምሮ እንደሆነም እዩ። ለአፕ የተሰጠ ፈቃድ ፓስወርድ ስለተቀየረ ብቻ ሁልጊዜ አይነሳም።