ማጥቃት ሌላ፣ ማስረገዝ ሌላ

በግ አላረግዝ ስትል የምሰማው ነገር አንድ ነው፦ «አውራውማ ጎበዝ ነው፣ አያርፍም። መካኗ እሷ ናት።» ሰለቸኝ!

የአውራ በግ ቆለጥ ከሰውነቱ ጥቂት ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት፤ የተንጠለጠለውም ለዚህ ነው። ሀሩር ሲበረታ ወይም በጉን ትኩሳት ሲይዘው ዘሩ ይበላሻል። ፍላጎቱ ግን እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ያባርራል፣ በጓ ላይ ይወጣል፣ ያጠቃል፤ ውጤት የለም። ዘሩ ተሠርቶ እስኪወጣ ደግሞ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። የግንቦት ሙቀት ጦሱ ሐምሌ ድረስ ይዘልቃል። ያኔ ዝናቡ ገብቷል፣ ሀሩሩን ማን ያስታውሳል?

ሞቃታማው ቆቦ አካባቢ አንድ ሰው ሚያዝያ ላይ ከብርዳሙ መንዝ ጠጉራም አውራ አመጣ። በጉ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ አጥር ሥር ታስሮ ይውላል። ሰኔ ላይ በጎቹ ተጠቁ፤ በ17 ቀን ግድም ተመልሰው አውራ ፈለጉ፤ አላረገዙም ማለት ነው። ሁለቱን «መካን» ብሎ ሸጣቸው። ሐምሌ መጀመሪያ ስደርስ ሦስተኛዋን ለገበያ አስሯታል። «ፍታት። አውራውን ሸልተህ ዛፍ ሥር አስጠጋው» አልኩት። መስከረም ላይ ያቺው በግ ከዚያው አውራ አረገዘች። ሁለቱ ግን ወጥ ሆነው ቀርተዋል።

«በግ በዓመት አንዴ፣ ቀን ሲያጥር ብቻ ነው የሚጠቃው» የሚሉኝም አሉ። እሱ የአውሮፓ በግ ነው። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። የኛን አውራ የሚያደክመው የበጋ መኖ እጥረት ነው፤ ሲከሳ ቆለጡም አብሮ ይቀንሳል።

«ደጋ ላይ ችግር የለም።» ሙቀቱ የለም፤ ረሃቡና የጉበት ትሉ ግን አሉ።

«ትልቁን ለፋሲካ ሸጠን ትንሹን ለዘር እናስቀር።» ይሄ እንኳ የወቅት ጉዳይ አይደለም፣ የራሳችን ጥፋት ነው። ከሲታ አስቀርታችሁ ከሲታ ብትወልድ አትገረሙ።

አውራውን መንከባከብ ከማጥቂያው ሁለት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። ፍሩሽካና ፋጉሎ ጨምሩለት፣ በቀትር ጥላና ውሃ አይጣ። ቆለጡን ዳብሱት፤ ሁለቱም እኩል፣ ጠንከር ያሉ፣ እብጠት የሌለባቸው መሆን አለባቸው። ለአንድ አውራ ከ25 በግ በላይ አታሸክሙት። «መካን» የምትሏትንም ገበያ ከማውጣታችሁ በፊት ከጎረቤት ሌላ አውራ ተውሳችሁ ሞክሯት።