መጽሐፈ ቅዳሴ፦ ከብራና ወደ ማተሚያ ቤት፣ ከጎጃም በኩል ሲታይ

የግእዝ ቅዳሴ መጀመሪያ የታተመው ሮም ነው። እዚያ በሐበሾች ገዳም ይኖር የነበረው የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ሲያሳትም ሥርዓተ ቅዳሴውን ከቅዳሴ ሐዋርያት ጋር አብሮ አወጣ። መዝሙረ ዳዊት ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1513 እዚያው ሮም ታትሞ ነበር።

የጠቀመው ግን በይበልጥ የአውሮፓን ሊቃውንት ነው። የጎጃሞቹ የዲማ ጊዮርጊስ፣ የደብረ ወርቅና የመርጡለ ማርያም ካህናት ከዚያ በኋላም ለዘመናት በብራና ቀደሱ። ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይሰመራል። ጸሐፊው በመቃ ብዕር ይጽፋል፤ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይለያል። አንድ መጽሐፍ ለማድረስ ወራት ይፈጃል። ለገጠር ደብር ደግሞ ዋጋው ቀላል አልነበረም።

አገር ውስጥ ነገሩ የተቀየረው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ነው። በ1918 ዓ.ም. መጽሐፈ ቅዳሴ ከነአንድምታ ትርጓሜው ታተመ። ለእኔ ትልቁ እርምጃ ይሄ ነው። ንባቡ ድሮም በብራና ነበር፤ ትርጓሜው ግን በዋናነት የሚገኘው ከመምህሩ አፍ ነበር። በኋላ የተስፋ ገብረ ሥላሴና የትንሣኤ ዘጉባኤ ማተሚያ ቤቶች መጻሕፍቱን በየደብሩ አዳረሱ። 14ቱን ቅዳሴያት ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን ይዞ ማግኘት ዛሬ ብርቅ አይደለም።

ዜማው ላይ ሲደርስ ግን ማተሚያ ቤት ይቸገር ነበር። የድጓ፣ ማለትም የያሬዳዊው ዜማ መጽሐፍ፣ ምልክቶች ከፊደሉ በላይ በደቃቁ የሚጻፉ ናቸው፤ በሊድ (በእርሳስ) ፊደል መልቀም ጣጣ ነበር። ስለዚህ በእጅ የተጻፈው ገጽ እንዳለ ፎቶ ተነሥቶ ይታተም ነበር። የቅዳሴ ዜማ ፈላጊም መጽሐፍ ገዝቶ አይቀርም። ጎጃሜው ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ የቅዳሴ ዜማ ወደሚማርባቸው፣ ወይ ደብረ ዓባይ፣ ወይ ሰለልኩላ ይወርዳል።

ጎጃም በተራው ሌላውን አገር የሚያስተምረው ቅኔ ነው። ስማቸው ከገነነው ሦስት የቅኔ ቤቶች፣ ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ፣ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። ቅኔ ደግሞ የአገልግሎቱ አካል ሆኖ ሳለ መጽሐፈ ቅዳሴ ውስጥ አይገኝም። ክብር ይእቲም ዕጣነ ሞገርም የተባሉት የቅኔ ዓይነቶች ለዕለቱ በአዲስ ይደረሳሉ። የትናንቱን የደገመ ባለቅኔ ይታማል። የታወቁ ሊቃውንት ቅኔ ተሰብስቦ ታትሟል፤ ተማሪ ያጠናዋል፣ ከእሱ ተነሥቶ ቅኔ መድረስ ይለማመዳል፣ በማኅሌት ግን የራሱን ይዞ ይቆማል።