ላይተሩ ስለነደደ ዋሻው ደህና ነው ያለው ማነው?

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻ እኔ ዘንድ መጣ። ሻይ ሳይቀርብለት ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። «ጋሼ፣ ይዩት እስኪ!» አለኝ። ቪዲዮ ነው። ለንደን ውስጥ ከአስፋልት ሥር ያለ፣ ድሮ ትራም ይመላለስበት የነበረ ዋሻ። ጎብኚዎች ሄልሜት ደፍተው፣ ባትሪ ይዘው ይሣሣቃሉ። «እነሱ ከፈቱት። የእኛ የባቡር ዋሻ እዚሁ አጠገባችን ተቀምጦ ማን ከለከለን? ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ልንገባ ነው። አየሩን እንፈትሽበታለን ብለን ላይተር ይዘናል።»

ላይተሯን ሲጠራት ሻዩ ተረሳኝ።

ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር ሲሠራ፣ ዋሻ ውስጥ ሴፍቲ ሆኜ ሠርቻለሁ። ይህን የሰማ ሁሉ፣ ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም፣ ስለ ዋሻ ያንኑ ነገር ይነግረኛል። ይጠይቀኛል አላልኩም፤ ይነግረኛል። አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

«የለንደኑ ለማንም ክፍት ነው»

አይደለም። ቪዲዮው ላይ ያለው የኪንግስዌይ የትራም መሿለኪያ ነው። ሳውዛምፕተን ረው ከሚባለው መንገድ ላይ ወደ ታች ይገባል። ከኪንግስዌይ ጎዳና ሥር ሄዶ ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ዋተርሉ ድልድይ አጠገብ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ሲከፈት የሚያስተናግደው ባለ አንድ ፎቅ ትራም ብቻ ነበር። በኋላ ከፍታውን ጨምረው በ1931 ባለ ሁለት ፎቁን አስገቡበት። በሚያዝያ 1952 የመጨረሻው ትራም አለፈና ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ሕዝብ የገባበት ጊዜ አለ። በ2009 ለምሳሌ የሥነ ጥበብ ትርኢት ታይቶበታል። የለንደን ትራንስፖርት ሙዚየምም ጉብኝት ያዘጋጃል። ግን እንዴት ነው የሚገባው? ትኬት ቀድመህ ትገዛለህ። ሰዓትህ ይነገርሃል። የምታደርገው ጫማ ሳይቀር ይነገርሃል። አስጎብኚ ይመራሃል፤ የጨለማ ኮሪደር አየሁ ብለህ ጎራ ማለት የለም። የእህቴ ልጅ ይህንን «ክፍት» ይለዋል። ባንክ ቤትም እኮ ክፍት ነው፤ ካዝናው ድረስ ግባ ያለህ አለ?

«የከርሰ ምድር ባቡር ዋሻ ነው፤ መሬት ሆድ ውስጥ ነው»

ሁለቱም ስህተት ነው። ትራም የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ዘመድ ነው እንጂ የለንደኑ የከርሰ ምድር ባቡር አይደለም። ዋሻውም ጎዳናው ሲቀየስ አብሮ ከላይ ተቆፍሮ የተከደነ ነው። ከመንገዱ ብዙም አይርቅም። ሰዎች ስሙ ስለሚመሳሰል ኪንግስዌይ ኤክስቼንጅ ከሚባለው ጋር ያምታቱታል። ያኛው ወደ 30 ሜትር የሚጠልቅ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለመጠለያ የተቆፈረ፣ ኋላ የስልክ ማዕከል የሆነ ሌላ ዋሻ ነው። የትራሙ መግቢያ ግን ከመንገዱ ላይ ይታያል። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ይወርዳል። የሐረጎን ቁልቁለት የሚያውቅ የደሴ ሾፌር ይህን ሲሰማ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል።

«ትራሙ ከቆመ ባዶ ነው፤ ባለቤት የለውም»

ይቺን በጣም ነው የምጠላት። የደቡቡ ክፍል ከ1964 ጀምሮ የመኪና መተላለፊያ ሆኗል። በ1970ዎቹ ደግሞ ቴምዝ ሞልቶ ከተማዋን እንዳያጥለቀልቅ የጎርፍ መቆጣጠሪያ ማዕከል እዚያው ውስጥ ነበር። ወንዙን የሚገታው ትልቁ መከላከያ ከመሠራቱ በፊት ነው ይሄ። የመንገድ ምልክትና ዕቃ ማከማቻም ሆኗል። አዲሱ የኤልዛቤት የባቡር መስመር ከከተማዋ ሥር ሲቆፈር የግንባታ ጉድጓድ ተቆፍሮበታል። የሰሜኑ ክፍል ከ1998 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው፤ ፈቃድ ሳይኖርህ ሚስማር አትመታበትም። ባዶ ቤት ያለ ባለቤት አይኖርም። አንተ ስላላየኸው ነው እንጂ ቁልፉ የሆነ ሰው ኪስ ውስጥ አለ።

«የእኛም እንደዚያው የተጣለ ነው»

የእነሱ ሥራውን ጨርሶ የተዘጋ ነው። የእኛ ሥራውን ገና አልጀመረም። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። 392 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር ሥራው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። የተነደፈውም በ25 ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ ለሚሄድ ባቡር ነው። ባቡር ስላላየህ ሽቦው የሞተ ነው ብለህ መወራረድ አይቻልም። በዚህ መጠን ያለ ቮልቴጅ ደግሞ እስክትነካው አይጠብቅህም፤ ከተጠጋኸው ዘሎ ይይዝሃል። ሌላም አለ። በ2014ቱ ጦርነት ይህ አካባቢ የጦር ቀጠና ነበር። የማታውቀውን ብረት ጥሻ ውስጥ በእግርህ አትምታ። ለዋሻም ለማሳም ነው የምለው።

«በጣርማበር ዋሻ ስንት ጊዜ አልፈናል፤ ምን ሆንን?»

አልፋችኋል። በአውቶቡስ፣ መስኮት ዘግታችሁ፣ ያውም የጭሱን ሽታ እየረገማችሁ። ጣልያን የሠራው፣ መኪና የሚመላለስበት የመንገድ ዋሻ ነው። እሱን አሳልፎኛል ብሎ ሌላ ዋሻ ውስጥ በጨለማ መግባት፣ ገንዳ ውስጥ ዋኝቻለሁ ብሎ ክረምት ላይ ቦርከና ውስጥ እንደመግባት ነው።

«ጣልያን ወርቅ ቀብሮበታል»

ባቡሩን ጣልያን አልሠራውም። እኔ ያየሁት የሌሊት ወፍ ኩስና አንድ የተቆጣ ጅብ ነው።

«ላይተር ከነደደ አየሩ ደህና ነው»

እዚህ ላይ ቁጭ በሉ።

ደሴ ብርድ ነው። ሌሊት ከሰል አያይዞ ወደ ቤት ያስገባ፣ በሩን ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ጠዋት ሳይነሣ ሲቀር ያልሰማ የደሴ ሰው የለም። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እነዚያ ሰዎች ሲሞቱ ከሰሉ ጠፍቶ ነበር? ከሰሉ እኮ እየነደደ ነው። እሳቱ እነሱን ቀድሞ አልጠፋም። ፍሙ ቀልቶ እያዩት ነው ያሸለቡት።

ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ እሳት አያጠፋም። ሰው በሚገድልበት መጠን ሞልቶ ላይተርህ በሰላም ይነዳል። ኦክስጅን ሲቀንስስ? የምንተነፍሰው አየር ወደ 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው። በእኛ ሥራ ከ19.5 በታች ከወረደ ማንም አይገባም። ሻማ የሚጠፋው ግን ወደ 16 አካባቢ ሲደርስ ነው። እዚያ ላይ አንተ ራስህ ደንዝዘሃል። ሻማው መጥፋቱን አይተህ «እንውጣ» የምትልበት ጭንቅላት ላይኖርህ ይችላል። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተውም ጋዝ አለ። እሱ ደግሞ ክፉ ተንኮለኛ ነው፤ ሲበዛ ማሽተቻህን ያደነዝዘዋል። ሽታው ሲጠፋ «ተሻለ» ትላለህ። ቤንዚን ወይም የሚቀጣጠል ጋዝ የተጠራቀመበት ቦታ ላይ ላይተር መጫር ምን እንደሆነ አልናገርም።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የተማርኩት። የሴፍቲ ሥልጠና ሳልወስድ፣ ወጣት ሳለሁ፣ ደሴ አንድ ዘመድ ግቢ ጉድጓድ ሊጠረግ ነው ተባለ። ውሃውን ለመቀነስ የቤንዚን ፓምፕ በገመድ አውርደው ውስጥ አስነሡት። ውሃው ጎደለ፤ ፓምፑ ጠፋ። ጠራጊው ልጅ ሊወርድ ሲል «ቆይ፣ መጀመሪያ አየሩ ይፈተሽ» ያልኩት እኔ ነኝ። አዋቂ ነኛ! ሻማ ጣሳ ውስጥ አቁሜ በገመድ አወረድኩ። ታች ደርሳ ቀጥ ብላ ነደደች። «ውረድ» አልኩት።

መጀመሪያ ሁለት ባልዲ ጭቃ ላከልን። ሦስተኛው ባልዲ ባዶውን ወጣ። ጠራነው፤ ዝም። ወንድሙ ጫማውን አውልቆ ሊገባ ሲል አንድ ሽማግሌ ቀበቶውን ጨምድደው ያዙት። እናቱ ግን ጠዋት ልጇ እየተነጫነጨ ወገቡ ላይ ገመድ አስራበት ነበር። በዚያች ገመድ አምስት ሆነን ጎተትነው። ሲወጣ ራሱን አያውቅም። ሐኪም ቤት አድሮ ተረፈ፤ ራስ ምታቱ ግን ቀናት ቆየበት። ልጁን የጣለው የፓምፑ ሞተር ታች ያስቀረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሻማዬን ስናወጣት ግን አሁንም ትነዳለች። እስከ ዛሬ የማልረሳው እሷን ነው።

እነዚያ ሽማግሌ ወንድሙን ባይይዙት ኖሮ ሁለት ይሆኑ ነበር። በየጉድጓዱ የምንሰማው «ሊያድን ገብቶ አብሮ ሞተ» የሚባለው እንዲህ ነው የሚመጣው።

አሁን እውነቱን ልናገር። ሁለት አፍ ያለው፣ ነፋስ የሚያቋርጠው ዋሻ አየሩ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የሚያሰጋው ጥጋጥጉ ነው፤ የውሃ መውረጃ ጉድጓዱ፣ በአንድ በኩል የተደፈነው ክፍል። እና ደግሞ ሰው ራሱ የሚያመጣው። የእህቴን ልጅ «መብራትስ?» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ትንሽ ጀነሬተር ተከራይተናል፤ ውስጥ እናስነሣታለን።» ያችው ፓምፕ ማለት እኮ ነች፣ ስሟ ተቀየረ እንጂ።

«ከተከፈተ ገንዘብ ያመጣል»

ሊያመጣ ይችላል። ላያመጣም ይችላል። ዋሽንግተን ዱፖንት ሰርክል የሚባል አደባባይ ሥር እ.ኤ.አ. በ1949 የተከፈተ የትራም ጣቢያ አለ። በ1962 ተዘጋ። በ1995 የምግብ አዳራሽ አደረጉት፤ ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። ጨለማ ውስጥ ሳንድዊች መብላት ማን ይወዳል? የጥበብ ማሳያ ሆኖ የተመለሰው በ2016 ነው። ቁጠሩት፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ነው።

እንግዲህ መግባት የምትፈልጉ ልጆች፣ ምኞታችሁ ክፉ አይደለም። እኔም ዋሻ እወዳለሁ። ግን በጓሮ አትግቡ። ለመስመሩ ባለቤት ደብዳቤ ጻፉ፤ በከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ቢሆን ይሻላል። ቀን ጠይቁ፣ የሚመራችሁ ሰው ጠይቁ። ጋዝ መለኪያ ያለው ሰው ይቅደም፤ መለኪያው ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው፤ በላይተር አይተካም። ለአንድ ሰው ሁለት ባትሪ፤ የስልክ መብራት ባትሪ አይባልም። ሄልሜት። ጠንካራ ጫማ፤ ሸበጥ አድርጎ የመጣ ከበር ይመለስ። ሞተር ያለው ነገር ውስጥ አይነሣም። ዝናብ ካለ ቀኑ ይቀየር። ውጭ አንድ ሰው ይቅር፤ «በዚህ ሰዓት ካልወጣን ጥራ» የተባለ፤ ውስጥ ኔትወርክ የለምና። አንዱ ከወደቀ ሌላው ተከትሎ አይግባ። እና ከሁሉ በፊት የገባውን ቁጠሩ።

እኛ ሥራ ላይ ሳለን በር ላይ ሰሌዳ ነበረን። የሚገባ ሁሉ ቁጥሩን ይሰቅላል፤ ሲወጣ ያነሣል። አንድ ማታ ሺፍቱ አልቆ አንድ ቁጥር ተሰቅሎ ቀረ። ፎርማኑ ስልክ ደወለ፤ አይነሣም። ተመልሰን ገባን። በየጥጉ ባትሪ እያበራን፣ ስሙን እየጠራን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለግን። ልጁ ለካ ቁጥሩን ሳያነሣ ወጥቶ ቤቱ ቡና እየጠጣ ነው። ስንደርስ ስኒ ይዞ በር ከፈተልን። ቁጣው ሁላችንም ላይ ነበር፤ ግን አንድ ሰው እንኳ አፉን አልከፈተም። አቦሉን ቀድተውልን ጠጥተን ወጣን።

ይህን ለእህቴ ልጅ ነገርኩትና «እናንተስ ስንት ናችሁ?» አልኩት።

«ስድስት። ሰባት ሳንሆን አንቀርም፣ ጋሼ።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቼ ስማቸውን ጻፍልኝ አልኩት። አምስት ጽፎ ቆመ።