ራውተር ይደበቃል? ስለ ፖርት ስካን በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

የራውተራችሁን ሎግ (የክንውን መዝገብ) ከፍታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፋየርዎሉ ያገደውን የሚመዘግብ ከሆነ መስመሩ ማለቂያ የለውም። ፖርት 23፣ ታገደ። ፖርት 8080፣ ታገደ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ፖርት 22። ፖርት ማለት በኢንተርኔት አድራሻ ላይ ያለ ቁጥር የተሰጠው በር ነው፤ የትኛው በር ክፍት እንደሆነ ለማወቅ እየዞሩ ማንኳኳት ፖርት ስካን ይባላል። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ መደበቂያ ይፈልጋል። የተሳሳተው ምክር የሚመጣውም ያኔ ነው።

«እኔን ማን ብሎ ይፈልገኛል?»

ማንም። ስካን የሚያደርገው ፕሮግራም ማን እንደሆናችሁ አያውቅም፣ ግድም የለውም። የአይፒቪ4 (የቆየው የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት) አድራሻዎች በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ዚማፕ የተባለ የስካን ፕሮግራም፣ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ፣ አንድን ፖርት በመላው አይፒቪ4 ላይ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንኳኩቶ ጨርሷል። በ2016 ደግሞ ሚራይ የተባለው ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ፖርት 23ን እያንኳኳ፣ ከፋብሪካ የመጡ 60 ያህል የዩዘርኔምና የፓስወርድ ጥንዶችን ብቻ እየሞከረ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችና ራውተሮችን ተቆጣጠረ።

«ፒንግ ከዘጋሁ አልታይም»

ፒንግ «አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ብዙ ስካነሮች ይህን ሳይጠይቁ በቀጥታ ፖርቱን ያንኳኳሉ። በአዲሱ የአድራሻ ዓይነት በአይፒቪ6 ላይማ አይሲኤምፒን (ፒንግ የሚላክበትን የመልእክት ሥርዓት) ጠራርጎ መዝጋት ጣጣ አለው። «ፓኬቱ ትልቅ ነው፣ አሳንሰህ ላክ» የሚለው መልእክት የሚመጣው በእሱ በኩል ስለሆነ፣ አንዳንድ ድረ ገጽ መከፈት ጀምሮ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

«ስቴልዝ ከሆነ የለሁም ማለት ነው»

ይህ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ክፍት ፖርት ሲንኳኳ «ግባ» ይላል። ዝግ ፖርት «እዚህ የሚያስተናግድ የለም» ብሎ ይመልሳል። ስቴልዝ የሚባለው ጭራሽ ዝም ይላል። ግን አድራሻው በእርግጥ ባዶ ቢሆን ኖሮ፣ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ያለው የኢንተርኔት አቅራቢው ራውተር «መድረስ አልተቻለም» ብሎ ይመልስ ነበር። ስለዚህ ዝምታው ራሱ ያሳብቃል። ዝም ማለት ስካነሩን ስለሚያዘገየው እንዳለ ተዉት። በዝግና በዝምታ መካከል ያለው ልዩነት ግን ትንሽ ነው። በዝግና በክፍት መካከል ያለው ነው የሰማይና የምድር ያህል።

«የዋይፋይ ስሜን ደብቄያለሁ»፣ «ቪፒኤን አለኝ»

የመጀመሪያው ከኢንተርኔት ስካን ጋር አይገናኝም፣ እንለፈው። ቪፒኤን ደግሞ አድራሻችሁን የሚሸፍነው ከምትጎበኟቸው ድረ ገጾች ነው። ራውተሩ ያው አድራሻውን ይዞ እዚያው ቁጭ ብሏል።

«እኔ አንድም ፖርት አልከፈትኩም»

እናንተ አልከፈታችሁም፣ ካሜራው ወይም የጌም ኮንሶሉ ከፍቶ ይሆናል። ዩፒኤንፒ የሚባለው የራውተር ቅንብር ከበራ፣ ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም ዕቃ ራውተሩን «ይህን ፖርት ክፈትልኝ» ይለዋል። ራውተሩም ፓስወርድ እንኳ ሳይጠይቅ እሺ ይላል። እኔ አዲስ ራውተር ሳገኝ መጀመሪያ የማጠፋው ይህንና ሪሞት ማኔጅመንትን (ራውተሩን ከውጭ ሆኖ ማስተዳደር) ነው። አንድ ጌም ካስቸገረ የእሱ ፖርት ብቻ በእጅ ይከፈታል። ከውጭ ሆኖ ወደ ቤት መግባት የሚፈልግ ደግሞ ራውተሩ የሚችል ከሆነ ዋየርጋርድ የተባለውን የቪፒኤን ፕሮግራም ይጫንበት፤ ትክክለኛ ቁልፍ ላልያዘ አንኳኳይ ጭራሽ መልስ አይሰጥም። አይፒቪ6 ካላችሁ ለእሱም ፋየርዎሉ መብራቱን እዩ። በአይፒቪ6 ላይ «ናት» (NAT፣ የቤቱን ዕቃዎች ከአንድ አድራሻ ጀርባ የሚያስቀምጠው አሠራር) ከፊት ቆሞ አይጋርዳችሁም።

«ፈትሼዋለሁ፣ 80 ክፍት ነው!»

ከየት ሆናችሁ? ከቤት ውስጥ 192.168.1.1ን ስካን ብታደርጉ 80 እና 53 ክፍት ሆነው ቢታዩ አይግረማችሁ፣ የራውተሩ ገጽና ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ናቸው። ስልካችሁን ከዋይፋይ አውጥታችሁ በሞባይል ዳታ ሞክሩት። ከዚያ በፊት ግን ራውተሩ ገጽ ላይ የተጻፈውን የዋን (WAN፣ የውጭው የኢንተርኔት ጎን) አድራሻ፣ «የእኔ አይፒ» የሚሉ ድረ ገጾች ከሚያሳዩት ጋር አስተያዩ። የራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከጀመረ፣ አቅራቢው ብዙ ደንበኞችን ከአንድ አድራሻ ጀርባ አስቀምጧል ማለት ስለሆነ፣ እስካሁን ስትፈትሹ የኖራችሁት የአቅራቢውን መሣሪያ ነው።