«ቁጥር 2 ግራሶ» ምንድን ነው?

ደሴ ፒያሳ መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ ግራሶ ስትጠይቁ ሻጩ ቶሎ የሚለው «ስንት ኪሎ?» ነው። ነገሩን ጠጋ ብሎ የሚያውቅ ደንበኛ «ቁጥር 2 ስጠኝ» ይላል። ቆርቆሮው ላይ 2 ተጽፏል፣ ሂሳብ ይከፈላል፣ አለቀ። ቁጥሩ ግን ብዙ ሰው የሚያስበውን አይናገርም።

የሚናገረው ግራሶው ምን ያህል ጠጣር እንደሆነ ብቻ ነው። ደረጃው ኤንኤልጂአይ ይባላል፤ ከ000 ተነስቶ እስከ 6 ይሄዳል። ለመለካት ግራሶው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይደረግና 60 ጊዜ ይታሻል። ከዚያ ሾጣጣ ብረት ይለቀቅበታል። በ5 ሰከንድ ከ26.5 እስከ 29.5 ሚሊሜትር ከሰመጠ ቁጥር 2 ነው። 000 እንደ ዘይት ሊፈስ ምንም አይቀረው፤ 6 በቢላ ይቆረጣል። ቁጥር 2 መሀል ላይ ነው፤ አይፈስም፣ ፓምፕም አያስቸግርም። ለአብዛኛው ኩሽኔታ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ኩሽኔታውን ከመበላት የሚያድነው ግን ጥጥረቱ ሳይሆን ውስጡ ያለው ዘይት ነው። ግራሶ ማለት አብዛኛው ዘይት፣ ቀሪው ዘይቱን ይዞ የሚያቆይ ሳሙና እና ጥቂት ኬሚካል ነው። ኩሽኔታው ሲዞር ዘይቱ በትንሽ በትንሹ ይወጣና በኳሱና በቀለበቱ መካከል ከፀጉር በጣም የቀጠነ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ከጠፋ ብረት ብረትን ይበላል።

ስለዚህ ሁለት ቆርቆሮ፣ ሁለቱም ቁጥር 2፣ ውስጣቸው ጨርሶ የተለያየ ሊሆን ይችላል። የአንዱ ዘይት በ40 ዲግሪ ሲለካ ውፍረቱ 100 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ)፣ የሌላው 460። በደቂቃ ወደ 1,500 ዙር ለሚሽከረከር የኤሌክትሪክ ሞተር መቶው ይስማማዋል። ቀስ ብሎ ከባድ ነገር ለሚጎትት ማሽን ደግሞ 460ው። ወፍራሙን ፈጣኑ ሞተር ላይ ካደረጋችሁት በከንቱ ይሞቃል። ይህ የዘይት ውፍረት ቁጥር ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው ላይ ስለማይጻፍ የአምራቹን የመረጃ ወረቀት መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ቀዩን ይውሰዱ ጋሼ፣ ሙቀት ይችላል» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ቀለሙ ማቅለሚያ ነው እንጂ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። ሙቀትና ውሃን የሚወስነው በዋናነት የሳሙናው ዓይነት ነው። ተራው የካልሲየም ግራሶ ውሃ አይደፍረውም፣ ግን 60 ዲግሪ አካባቢ ይደክማል። ሊቲየም እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ይችላል። የሶዲየሙን ውሃ አጥቦ ይወስደዋል። ኮምቦልቻ ላይ ጨርቃ ጨርቅና ቢራ በአንድ ከተማ ይመረታሉ፤ በብናኝ መሀል የሚሠራው ኩሽኔታና ቀኑን ሙሉ ውሃ የሚረጭበት ኩሽኔታ አንድ ግራሶ ይበቃቸዋል ማለት ይከብዳል።

ደሴ ብርድ፣ ሐርቡ ቆላ ስለሆነ ግራሶው ይለያይ ወይ? በብርድ ጠዋት ማሽን ሲነሳ ልዩነቱ ይታያል። ከዚያ በኋላ ግን የኩሽኔታው የራሱ ሙቀት ከአየሩ ይበልጣል። በልምድ የተያዘ ስሌት አለ፦ ከ70 ዲግሪ በላይ በየ15 ዲግሪው የግራሶው ዕድሜ በግማሽ ያጥራል። በየ6 ወሩ ይጨመርለት የነበረው 85 ላይ ሲሠራ 3 ወር ይሆናል።

ግራሶ ቀይሮ የተለየውን በአሮጌው ላይ መጨመር ደግ አይደለም። በተለይ ሊቲየምና ፖሊዩሪያ (በሳሙና ፋንታ በሌላ ነገር የተጠጠረ ግራሶ) ብዙ ጊዜ አይስማሙም፤ ተቀላቅለው ይቀጥኑና ይፈሳሉ። አሮጌውን አጥቦ መጀመር ነው።

እኔ ከምርጫ ስህተት ይልቅ የማየው መጠን ማብዛትን ነው። እህል ወፍጮ ላይ በተለይ «ይጥገብ» እየተባለ ዙሪያው እስኪወጣ ይጨመራል። የኩሽኔታው ቤት ጢም ብሎ ሲሞላ ኳሶቹ ግራሶውን ሲያማስሉ ይውላሉ፣ ይሞቃል፣ ዳሩን የሚዘጋው ሲል (ማሸጊያ) ይገፋል፤ በተገፋው በኩል ዱቄት ይገባል። መጠኑን ማስላት አይከብድም፦ የኩሽኔታው የውጭ ዲያሜትር በሚሊሜትር፣ ሲባዛ በወርዱ፣ ሲባዛ በ0.005። 6212 የሚባለው ኩሽኔታ ውጩ 110፣ ወርዱ 22 ነው። 12 ግራም ገደማ ይወጣል፣ ከዚያ አይዘልም። የግራሶ ፓምፓችሁ በአንድ ምት ስንት ግራም እንደሚሰጥ ካላወቃችሁ 10 ጊዜ ወረቀት ላይ አውጡና የቅመም ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ ለ10 አካፍሉት። ከመጨመራችሁ በፊት ደግሞ ኒፕሉን (ግራሶ የሚገባበትን ጫፍ) በጨርቅ ጥረጉት፣ ላዩ ላይ ያለው ዱቄት አብሮ እንዳይገባ።