የእንጦጦ ደንና የቀበና ሸለቆ

ቀበና ከእንጦጦ ተራራ ደቡባዊ ተዳፋት የሚነሳ ወንዝ ነው። የእንጦጦ አናት ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ዝናቡንም ለሁለት ይከፍለዋል። ወደ ሱሉልታ የወረደው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። ወደ አዲስ አበባ የወረደው ግን በቀበና፣ በትልቁ አቃቂና በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል አዋሽን ተቀላቅሎ፣ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ላይ ይቀራል።

ተዳፋቱን የሸፈነው ደን ከሩቅ ሲያዩት የጥንት ይመስላል እንጂ አብዛኛው ሰው የተከለው ነው። ጽዱና ወይራው ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ ሲያልቅ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መነሳት ደርሰው ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ ነው ከተማዋን እዚሁ ካስቀሯት ነገሮች ዋነኛው። ዛሬ ሁሉም ሲወቅሰው ይህ ውለታው መረሳት የለበትም።

ነጭ ባሕር ዛፍ ቢቆረጥም አይሞትም። ከጉቶው ዙሪያ አመድማ ሰማያዊ፣ ሰፋ ያለ ቅጠል ያለው ቀንበጥ ይፈነዳል፤ ቅጠሉ እንደ ማጭድ የሚሾለው ዛፉ ሲጎለምስ ነው። በጥቂት ዓመት አጠና ይደርሳል። አጠናው ለጭቃ ቤትና ለፎቅ ግንባታ መወጣጫ ይሸጣል፤ ጭራሮውና ደረቅ ቅጠሉ እንጀራ ምጣድ ሥር ይገባል። ከጫካው የሚያወርዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል፤ ጀርባ ላይ በአግድም ስለሚታሰር፣ በቀጭን መንገድ ሁለት ሴቶች ሲተላለፉ አንደኛዋ ዞር ብላ መቆም አለባት። የከተማዋ ምድጃ ስንት ዘመን የነደደው በእነዚህ እናቶች ወገብ ነው።

ጉዳቱም አለ። ባሕር ዛፍ ሥር ሣር እምብዛም አይበቅልም፤ ቅጠሉ ለማገዶ ሲጠረግ አፈሩ ራቁቱን ይቀርና የክረምት ጎርፍ ጠርጎት ወንዙን ያደፈርሰዋል። በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ከተረፉት ጽዶች ሥር ግን መሬቱ ለስላሳና እርጥብ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጠዋት የረገጠ ልዩነቱን በእግሩ ያውቀዋል። ከተራራው ምዕራብ በኩል 705 ሄክታር ይዞ የተከለለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አገር በቀሎቹን መልሶ እያለማ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ የጫካውን ከፊል መዝናኛ አድርጎታል።

ከደኑ በታች የመሬቱ ነገር ባንዴ ይለወጣል። ቤቶች እስከ ገደሉ አፋፍ ተጠግተዋል፤ ከላይ ጥርት ብሎ የተነሳው ውኃ የሽንት ቤትና የጓዳ ፍሳሽ እየጨመረ ይጠቁራል። ይኸው ውኃ አቃቂ ሜዳ ሲደርስ ገበሬዎች ጎመንና ቆስጣ ያጠጡበታል፤ ምርቱም ተመልሶ የሚሸጠው እዚሁ አዲስ አበባ ገበያ ነው።