ጫጩት ሳትፈለፈል እንዴት ትተነፍሳለች?

ብዙ ሰው ጫጩት መተንፈስ የምትጀምረው ቅርፊቱን ሰብራ ስትወጣ ይመስለዋል። ሳንባዋ ግን ከዚያ በፊት ሥራ ይጀምራል።

ዶሮዋ እንቁላሉን መታቀፍ ከጀመረች አንስቶ እስከ 19ኛው ቀን ገደማ ለጫጩቷ ኦክስጅን የሚያደርስላት ከቅርፊቱ ሥር የተዘረጋ የደም ሥር መረብ ነው፤ አየሩ በሺህ በሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገባል። የተቀቀለ እንቁላል ስትልጡ በሰፊው ጫፍ በኩል ጎድጎድ ያለ ቦታ አይታችሁ ይሆናል። የአየር ኪሱ እሱ ነው። በ20ኛው ቀን ገደማ ጫጩቷ ስሱን ሽፋን በምንቃሯ ቀድዳ ከዚህ ኪስ የመጀመሪያ ትንፋሿን ትስባለች። ጆሯችሁን ብታስጠጉ ጭው ጭው ስትል ትሰማላችሁ።

ቅርፊቱን የምትሰነጥቀው ከዚህ በኋላ ነው። ከሰነጠቀች በኋላ ለሰዓታት ዝም ብትል፣ እባካችሁ እናግዛት ብላችሁ አትላጡት። የደም ሥሮቹ ገና ደም ይዘዋል፣ አስኳሉም ወደ ሆዷ ገብቶ አላለቀም፤ ልትደማ ትችላለች።